«ሰምቶ ይይዛል» የተባለው ልጅ

ከጅማ የመጣ ደብዳቤ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ብሬል የምትለው ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚያነቡትን የነጥብ ጽሑፍ ነው።

«ሂርማታ አካባቢ ቡና እያፈላሁ ሦስት ልጅ የማሳድግ እናት ነኝ። የመጨረሻው ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ገባ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይኑ እየደከመ መጣ። መጀመሪያ ሲመሽ ነበር ዕቃ የሚመታው። ‹ቀልብህ የት ነው?› እያልን እንቆጣው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ዛሬ ሰሌዳ አያይም። መጽሐፍም አፍንጫው ላይ ካልለጠፈ አያነብም፤ ሁለት መስመር ሲያነብ ራሱን ያመዋል። ጸበል ወስጄዋለሁ። አንድ ክሊኒክ መነጽር አዘውለት ነበር፤ ለውጥ የለውም። አስተማሪው ‹ከፊት ይቀመጥና ያዳምጥ፤ ጎበዝ ነው፣ ሰምቶ ይይዛል› አለኝ። ታላቅ እህቱ ‹ስልክ ሁሉን ያነብለታል፤ በዚህ ዘመን ብሬል ምን ያደርጋል?› ትላለች። አጎቱ ሰበታ አዳሪ ትምህርት ቤት ይግባ ባይ ነው። ብሬል የሚባል ነገር ሳነሳበት ደግሞ ልጁ ‹እኔ ዕውር አይደለሁም!› ብሎ ምሳውን ትቶ ወጣ። ማንን ልስማ?»

እህቴ፣ አንቱታውን ልተወውና በእህትነት ልጻፍልሽ። አጎቱም፣ ታላቅ እህቱም፣ ልጁም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። የተሳሳተው አስተማሪው ነው። ክፋት ኖሮት አይደለም። ግን ልጅሽን እያመሰገነ ከንባብ እያስወጣው ነው።

ስድስት ኪሎ ስማር የዶርም ጓደኛዬ ዓይነ ስውር ነበረች። ባኮ ካለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው የመጣችው። በእኛ ጊዜ ዓይናማው ተማሪ ለዓይነ ስውራን ጓደኞቹ ማንበብ የተለመደ ነበር። ማታ ማታ ሃንድአውት አነብላታለሁ፤ እሷ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳዋን፣ ስሌቷን፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ስታይለስ በሚባል ሹል መውጊያ ወረቀቱን ትወጋዋለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንድ ማታ በጣም ደክሞኝ ነበር። አንዱን አንቀጽ ዘለልኩት፤ ማን ያውቃል ብዬ። የስታይለሱ ድምፅ ቆመ። «ከሦስተኛው ምክንያት አምስተኛው ላይ ገባሽ። አራተኛው የት ሄደ?» አለችኝ። መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ። ይሄ ምክንያቱ በቁጥር ስለተጻፈ ነው የታወቀብኝ። ቁጥር የሌለው ስንት ነገር ዘልዬባት ይሆን? እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እዚያው ግቢ ሌላ ልጅ ነበር። ዓይኑ የጠፋው 10ኛ ክፍል ሆኖ ነው። ጭንቅላቱ ለጉድ ነው፤ ሁሉን በካሴት እየሰማ ነው የሚማረው። ብሬል «አሁን አልደርስበትም» ብሎ ትቶታል። አንድ ጊዜ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ሁለቱም ሊናገሩ ተነሡ። እሱ መሀል ላይ ሲደርስ ያዘጋጀው ጠፋበትና ቁጭ አለ። ጓደኛዬ ደግሞ አንድ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከታ ቆመች። በርዷት መስሎኝ ነበር። ለካ ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት እየዳሰሰች ነው! አምስት ነጥብ ይዛ ነበር፤ አምስቱንም ተናግራ ተቀመጠች። መብራት ሲጠፋም እኛ ሻማ ፍለጋ ስንራወጥ እሷ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ታነባለች። እንዴት እንደምቀናባት!

ሰምቶ መያዝ ትልቅ ጸጋ ነው። የሰማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ ግን ጆሮ አይነግረውም። አንቀጹ የት እንዳለቀ፣ ሰረዙ የት እንደገባ አይነግረውም። እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ናይት» ብለሽ ብታነቢለት ሌሊት ነው ወይስ ፈረሰኛ? ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደሉ ሌላ ነው። ልጅሽ እስከ 5ኛ ክፍል በዓይኑ አንብቧል፤ ስለዚህ ለጊዜው ያንን እየቆጠበ ይበላል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ስንቁ ያልቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም። ክሊኒክ መነጽር አዘዘ ብለሽ አትቀመጪ። እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለ። ሲመሽ መደናቀፍ የጀመረ ልጅ መነጽር ብቻ ሰጥተው የሚያሰናብቱት አይደለም። በዘር የሚመጡ፣ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል የሚያዳክሙ ሕመሞች አሉ፤ መጀመሪያ የሌሊቱን እይታ ይወስዱና ከዚያ ከጠርዝ ወደ መሀል እያጠበቡ ይመጣሉ። የቫይታሚን ኤ እጥረትም በጨለማ አላይም ያሰኛል፤ እሱ ደግሞ ይታከማል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አልገምትልሽም። ሐኪሙን ግን አፍጥጠሽ ጠይቂው። ምክንያቱ ምንድነው? ይታከማል ወይ? የቀረውን እይታ የሚያግዝ ማጉያ አለ? ሌሎቹ ልጆቼስ ይታዩ? ስትወጪ የሐኪም ወረቀት ይዘሽ ውጪ። ትምህርት ቤት ተጨማሪ ሰዓት ወይም የፈተና አንባቢ ስትጠይቂ መጀመሪያ የሚሉሽ «ማስረጃ አለ?» ነው። ጸበሉን አልከለክልሽም፤ በእሱ ምክንያት ከክፍል አይቅር እንጂ።

ወደ ብሬሉ ልመለስ። ስሙ አስፈርቶሽ ይሆናል፤ ነገሩ ስድስት ነጥብ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ3 ዓመቱ አባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ውስጥ ሲጫወት ዓይኑን በወስፌ ተወግቶ ነው ዓይነ ስውር የሆነው። የነጥቦቹን ዘዴ ሲያወጣ እ.ኤ.አ. 1824 ነበር፤ ዕድሜው 15። ልጅሽን በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጠው ነበር ማለት ነው። ይህን ንገሪው፤ ትልልቅ ሰዎች የፈጠሩት የሐዘን ዕቃ እንዳይመስለው።

አሁን የእንቁላል ካርቶን አምጪና ስድስት ጎድጓዳ ያለው ቁራጭ ቁረጪ፤ ወደ ታች ሦስት፣ ወደ ጎን ሁለት። በግራ በኩል ያሉት ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3 ናቸው፤ በቀኝ 4፣ 5፣ 6። ከዚያ ጥሬ ቡና። እሱ እንኳ ከአንቺ ቤት አይጠፋም። 1 እና 2 ላይ አንድ አንድ ፍሬ ጣይ፤ «ብ» ሆነ። 3 ላይ ጨምሪበት፤ «ል» ሆነ። በቃ፣ ትምህርቱ ተጀመረ።

የአማርኛ ብሬል እንደ ፊደል ገበታችን ሁለት መቶ ምናምን ቅርጽ አያሸክምም። ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ይጻፋል። «ቡና» ለዓይናማው ሁለት ፊደል ነው፤ በብሬል አራት ይሆናል። የ«ብ» ነጥቦች፣ የ«ኡ» ነጥቦች፣ የ«ን» ነጥቦች፣ የ«ኣ» ነጥቦች። አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ደግሞ ሁለቱም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ መሠረታቸው አንድ ነው፤ አንዱን የያዘ ልጅ ሌላውን ግማሽ መንገድ ሄዶበታል። የእንግሊዝኛው «ቢ» እና የእኛ «ብ» ራሱ አንድ ናቸው፤ 1 እና 2። ጅማ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ለሚማር ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

መጻፉ ለመጀመሪያ ሳምንት ጭንቅላት ያዞራል፤ አልዋሽሽም። ወረቀቱ ስሌት በሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ይያዝና በስታይለስ ይወጋል። ነጥቡ የሚነሳው በወረቀቱ ሌላኛው ፊት ስለሆነ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል። ከጠፋ የአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ወረቀት ለልምምድ ይበቃል። ደግሞ የእናንተ አገር ዝናብ! እርጥበት የነካው ወረቀት ነጥቡ ይሟሽሻል፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ብሬል የተጻፈበት ነገር አይደራረብም፤ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ አቁሙት፤ ካልሆነ ነጥቡ ይተኛል።

ማንበቡ ይዘገያል። ጣት በአንድ ወር አንባቢ አይሆንም፤ ለወራት ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። በዓይኑ ማንበብ ለለመደ ልጅ እንደገና እንደ 1ኛ ክፍል ተማሪ መንተባተብ ያናድዳል። ስለዚህ በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ግን በየቀኑ። ጣቱን እንዳይጫን ንገሪው። ነጥብ የሚታወቀው ጣት ቀለል ብሎ ሲንሸራተት ነው፤ ሲጫኑት ይድበሰበሳል። ሌላ ነገር፣ ትንሽ የሚያይ ልጅ ነጥቦቹን በዓይኑ ሊያነብ መሞከሩ አይቀርም። አትቆጪው። በላዩ ላይ ነጠላሽን ጣል አድርጊበትና ከሥር በእጁ ይፈልግ፤ ጨዋታ ያደርገዋል።

«ዕውር አይደለሁም» ያለሽን ልጅ አትከራከሪው። እውነቱን ነው፤ ገና ያያል። ቃሉንም መንገድ ላይ እንደ ስድብ ሆኖ ነው የሚያውቀው። «ነገ ዓይንህ ሲጠፋ ይጠቅምሃል» ካልሽው ብሬል ማለት የመጥፎ ዜና ምልክት ይሆንበታል። ይልቅ «ዓይንህ ሲደክመው ጣትህ ይረከበው» በይው። ራሱን የሚያመው ልጅ ይሄ ይገባዋል። ብሬል መጀመር ዓይኑን አያጠፋውም፤ አለመጀመርም አያተርፍለትም። የቀረውን እይታ ለካርታው፣ ለሥዕሉ፣ ለጓደኞቹ ፊት ያውለው።

እንደ ምሳሌ የትነበርሽ ንጉሤን ልጠራልሽ እችላለሁ። በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበለች ሴት ናት። አሪፍ ታሪክ ነው፤ ንገሪው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝነኛ ሰው ለ13 ዓመት ልጅ ሩቅ ነው። የሚጠቅመው በአምስት ስድስት ዓመት የሚበልጠው ዓይነ ስውር ልጅ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓይነ ስውር ተማሪዎች አሉ። አፈላልጊና አንድ ቅዳሜ «ቡና ጠጡ» ብለሽ ጥሪ። ስለ ብሬል ምንም አታውሩ። ኳስ ያውሩ፤ ስልክ ላይ ጣቱ እንዴት እንደሚሮጥ ይየው፤ ባጃጅ እንዴት ተሳፍሮ እንደሚመጣ ይጠይቀው። ምክሩን አንቺ ከምትሰጪው እሱ ሳይመክር ይሰጥልሻል።

ታላቅ እህቱ ስለ ስልክ ያለችውም ትክክል ነው፤ ግማሹ። አንድሮይድ ስልክ ውስጥ «ቶክባክ» የሚባል ስክሪኑን የሚያነብ ነገር አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ «አክሰሰቢሊቲ» የሚለው ሥር ታገኘዋለች። በነጻ ነው። ጣት ወደ ቀኝ ሲንሸራተት ቀጣዩን ያነባል፤ ሁለቴ ሲነካ ይከፍታል። ለኮምፒውተር ደግሞ «ኤንቪዲኤ» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ወጣቶች የጀመሩት፣ እሱም በነጻ። አብሮት የሚመጣው «ኢስፒክ» የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፤ መጀመሪያ ያስቃችኋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጆሮ ይለምደዋል። ይሄንን ሁሉ ዛሬውኑ ታስጀምረው፤ ብሬል እስኪገባው የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ታሪክና ልብ ወለድ በጆሮ እየሰማ ይጨርስ።

ግን ቴሌግራም ላይ በፎቶ የሚለቀቀው ሃንድአውት ለስልኩ ሥዕል ነው፤ እንደ ጽሑፍ አስተካክሎ አያነብለትም። አስተማሪዎቹን በታይፕ የተጻፈውን ፋይል ጠይቂ። ባትሪ ያልቃል፤ መብራት ይጠፋል። ፈተና ክፍል ስልክ አያስገቡትም። ደግሞስ ስልኩና ብሬሉ ጠላት ናቸው ያለው ማነው? ቶክባክ ራሱ ስክሪኑ ላይ በስድስት ጣት የሚጻፍበት የብሬል ኪቦርድ አለው።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ዳይሬክተሩን ብቻ ይዘሽ አትቅሪ። ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂና የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ጠይቂ። ጥያቄሽ አንድ ነው፤ «ሪሶርስ ክፍልና ብሬል የሚችል የልዩ ፍላጎት መምህር ያለው የትኛው ትምህርት ቤት ነው?» ሪሶርስ ክፍል ማለት እንደ ልጅሽ ያሉ ተማሪዎች ለብቻ ድጋፍ የሚያገኙበት ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ቤትሽ አጠገብ ካልሆነ ልጁን ማዛወር ያዋጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍል አለው። እዚያም አንኳኪ፤ ብሬል የሚያስጀምረው ሰው እንዲጠቁሙሽ ጠይቂ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርንም ስለ ስሌት፣ ስታይለስና ነጭ በትር ጠይቂ።

«ለአንድ ልጅ ብለን አንችልም» የሚል ከገጠመሽ ደግሞ አንገትሽን አትድፊ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ብሬል መማርን በስሙ ጠርቶ አስቀምጦታል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ለጠብ አይደለም፤ እንድታውቂው ነው። ቢሮ ውስጥ ቁጥር ጠርቶ የሚናገር ሰው ሲመጣ ወንበር ይቀርብለታል።

ከአስተማሪው ጋር ግን ተስማሚ፤ ልጁን የሚወድ ሰው ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን እየጻፈ በቃሉ ይበል። «ይቺን ከዚህች ስንቀንስ» ለልጅሽ ባዶ ነው። «12ን ከ30 ስንቀንስ» ካለ ልጅሽ ክፍሉ ውስጥ አለ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሌሎቹንም ይጠቅማል።

ሒሳብን ደግሞ «ይቅርበት» ሊሉሽ ይችላሉ። እሺ እንዳትዪ! ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በአገራችን ቶሎ የሚታጠፈው ሒሳብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት በር አብሮ ይዘጋል። በአባከስ፣ ማለትም ዶቃ እየገፉ በሚቆጥሩበት ሰሌዳ፣ ይደመራል፣ ይባዛል። ሦስት ማዕዘን ለማሳየት ካርቶን ላይ ሙጫ ቀብተሽ ክር ለጥፊበት፤ ሲደርቅ በጣቱ ይዞራል። እኔ አንድ ጊዜ ለጓደኛዬ የአፍሪካን ካርታ በስፌት ክር ሠርቼላት ነበር። ማዳጋስካርን ረስቻት ኖሮ እሷ ናት «ደሴቷስ?» ያለችኝ።

ስለ ሰበታ። አጎቱን አልቃወመውም። ሰበታ ለእናንተ እንደ ሌላው ሩቅ አይደለችም፤ ከጅማ ስትመጡ አዲስ አበባ ሳትገቡ መንገዳችሁ ላይ ናት። እዚያ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ መርሃ ዕውራን፣ ብዙ ሰው አስተምሯል። የእኔ ጓደኛም ያንን ፈጣን ጣት ያገኘችው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ልጅሽ ግን 13 ዓመቱ ነው፤ ጓደኞቹም ሰፈሩም ጅማ ናቸው። ዓይኑ እየሄደበት ባለበት ሰዓት እናቱም አብራ ከሄደችበት ሁለት ሐዘን ይሆንበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጅማን አስሺ። ዓመቱ እስኪያልቅ ብሬል የሚያስተምረው ሰው ከጠፋ ግን ናፍቆትሽን ዋጥ አድርገሽ ላኪው። ሳያነብ አጠገብሽ ከሚያድግ እያነበበ ቢናፍቅሽ ይሻላል። ይሄንን ስጽፍ አንቺን እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

ነጭ በትሩ ላይ ብዙ አልልም። ሲመሽ ብቻ ይጀምረው፤ ክዳን የሌለው ቦይ ቀልድ አያውቅም።

አሁን ለታላቅ እህቱ አንድ ሥራ ልስጣት። «ብሬል ምን ያደርጋል» ያለችው እሷ አይደለች? ትማረው። ዓይናማ ሰው ብሬልን በዓይኑ ያነበዋል፤ ለጣት ወራት የሚፈጀው ለዓይን ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ ወረቀት ላይ እየወጋች ትጻፍለት። «እማዬ ዛሬ ተቆጥታለች፣ ቀስ ብለህ ግባ» ትበለው፤ ወይም የደበቀችለት ብስኩት የት እንዳለ። ለሌላ ሰው እንዳታነብለት፤ ለአንቺም ጭምር። ስትሳሳት እሱ ያርማታል፤ አንቺ ምንም አላየሽም።